የገብረ መድኅን ሚስት

ዛንዚባር፣ መስከረም 24 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴና መምህሬ ለየኔታ አካለ ወልድ
ይጁቤ፣ ወይራ አፋፍ

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ጉልበትዎስ? እኔ በእርስዎ ጸሎትና በደብራችን በቅዱስ ሚካኤል ጠባቂነት ደህና ነኝ። ሥልጠናው ተጀምሯል። ከስድስት አገር የተሰበሰብን አዋላጅ ነርሶች ነን፤ ጠዋት ሆስፒታል፣ ከሰዓት በኋላ ክፍል እንውላለን። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ያልቃል።

ስልክ ላይ ጆሮዎ እንደማይይዝልዎ ስለማውቅ ይህንን በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ፣ በቴሌግራም ይጁቤ ለብዙዬ ፎቶ ኮፒ ቤት ልኬዋለሁ። አትማ ትሰጥዎታለች። መልሱንም ለእሷ ይስጧት፣ እንደዚሁ አድርጋ ትልክልኛለች። (ብዙዬ፣ እንደምን አለሽ? የሰው ደብዳቤ ማንበብ ነውር እንደሆነ ታውቂያለሽ አይደል?)

የምኖረው በአሮጌው ከተማ ነው። ባሕሩ አፍ ላይ የድንጋይ ቤቶች ተጠጋግተው ቆመዋል፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ከመጥበቡ የተነሣ ሁለት ሰው ከነሸክሙ አያሳልፍም። የየቤቱ በር የተቀረጸ፣ በናስ ጉጥ የተመታ ነው። ግን የኔታ፣ የየቤቱ ሥር ሱቅ ነው፤ ሱቁ ሁሉ የሚሸጠው ደግሞ ማስታወሻ ዕቃ። ስሰናበትዎ «የእውነት የሆነ ነገር አምጪልኝ፣ የፋብሪካ ኮተት እንዳታመጪብኝ» ብለውኝ አልነበር? ያ ቃል ዕዳ ሆኖብኛል። እዚህ ሁሉም «የአያቴ ነው» ይላል። አንዱ የአያቱን ሣጥን አሳየኝ፤ ጎረቤቱም የአያቱን አሳየኝ። ሁለቱም ሣጥኖች ክዳናቸው ላይ አንድ ዓይነት ጭረት አለ፣ እዚያው ቦታ ላይ! አብራኝ የምትኖር ሂዊ የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ በመጣን በሦስተኛው ቀን የጥንት የተባለ የናስ ማሰሮ ገዛች። ስታጥበው የፋብሪካው ወረቀት ከሥሩ ተላቀቀ። ሁለት ቀን ሙሉ አኩርፋ ምግብ አልበላችም።

እኔም ከዚያ ወዲህ ማንንም አላምንም። ሻጭ ሲስቅልኝ ቦርሳዬን እይዛለሁ። እርስዎ አሮጌ ነገር ያውቃሉና የእውነቱን ከውሸቱ በምን እንደምለየው ይጻፉልኝ። ወይስ ቅርንፉድ ላምጣልዎ? ደሴቱ በሙሉ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል። ካንጋ የሚሉት፣ ጠርዙ ላይ ጽሑፍ ያለበት የሴቶች ጨርቅም አለ፤ እሱ እንኳ በእርግጥ የእነሱ ነው፣ ሴቶቹ ሁሉ ለብሰውት ይሄዳሉ።

ጉልበትዎን እየሳምኩ፣
የእህትዎ ልጅ ወንጌላዊት


ወይራ አፋፍ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለወንጌላዊት

የአብርሃም፣ የይስሐቅ፣ የያዕቆብ አምላክ በሰው አገር ጥላ ከለላ ይሁንሽ፤ በወጣሽበት እግርሽ በሰላም ይመልስሽ። እኔ ቁልቁለት ላይ ጉልበቴ ይከዳኛል እንጂ ሌላው ደህና ነው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በገበያው ቀን ነው። ብዙዬ ሳልጠይቃት «አላነበብኩትም» አለችኝ። ወረቀቱን አጥፌ ልወጣ ስል ደግሞ «ያቺ ሂዊ ግን ታሳዝናለች» አለች። እንግዲህ የምጽፍልሽን ሁሉ እያሰብኩ ነው የምጽፈው።

ቅርንፉድማ ይጁቤም ሞልቷል። ጨርቁንስ ማን ሊለብሰው? ባለቤቴ ሥራነሽ ካረፈች አሥራ ሦስት ዓመቷ፤ ቤቴ ውስጥ የሴት ጨርቅ የሚነካ የለም። ተይው።

የእውነቱን መለየት ከፈለግሽ ሻጩ ታሪክ ሲያበዛ ጠርጥሪ። ዕቃውን አሽትቺው። ጭስ ብቻ ከሸተተ ትናንት ያጨሱት ነው፤ አሮጌ ዕቃ የሰው እጅና ቅባት ይሸታል። ጠርዙን ደህና አድርገሽ እዪ። አስመስሎ የሚያስረጅ ሰው ስለሚቸኩል ሁሉንም ጥግ እኩል ያስረጀዋል፤ የእውነቱ ግን የሚበላው እጅ በሚይዘው በኩል ብቻ ነው። በረጠበ ጣት እሺው፣ ቀለሙ ከለቀቀ ጥለሽው ውጪ። ይህን ከየት አወቅህ አትበዪኝ። አርባ ዓመት ብራና ስፍቅና ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ።

አዲስ ወሬ ብነግርሽ፣ የየደብሩን መጻሕፍት የሚቆጥሩና ፎቶ የሚያነሡ የቅርስ መዝጋቢዎች በኅዳር ይመጣሉ ተብሏል። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለቄስ ምስጋናው ካስረከብኩ አምስት ዓመቴ ነውና ጣጣው የእሱ ነው። ሰውየው ከአሁኑ መጻሕፍቱን አቧራ ሲያራግፍ ይውላል። ምን እንዲህ እንደሚያሯሩጠው እንጃለት።

እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን።
አጎትሽ አካለ ወልድ


ዛንዚባር፣ ጥቅምት 19 ቀን 2012 ዓ.ም.

የኔታ፣ የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ።

አገኘሁ! የእውነት የሆነ ነገር አገኘሁልዎ፣ ያውም የእኛው አገር!

ከገበያው ጀርባ ጁማ የሚባል ሽማግሌ ሱቅ አለ። እርስዎ እንዳሉት ልፈትነው ብል ታሪክ የሚባል ነገር ከአፉ አይወጣም፤ ሰላምታውን ራሱ የሚመልሰው እንደ ምጽዋት ነው። ሣጥን ክፈትልኝ አልኩት። ከውስጡ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ የእንጨት ገበታ ያለው የግእዝ ብራና መጽሐፍ! ልቤ ዘለለ፣ ግን ያስተማሩኝን አልረሳሁም። አሸተትኩት፤ ጧፍና የሰው እጅ ይሸታል። ጠርዙን አየሁ፤ የተበላው የቀኙ የታችኛው ጥግ ብቻ ነው፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት። ቀለሙን በረጠበ ጣት ነካሁት፤ ንቅንቅ የለም። አንዱ ቅጠል ላይ ጧፍ ያቃጠለው ቀዳዳ አለ። በቀይ ቀለም «ገብረ መድኅን» የሚል ስም አነበብኩ። ስሙን የሆነ ቦታ የሰማሁት ይመስለኛል፣ የት እንደሆነ ግን ጠፋኝ። ጁማ ብዙ እንድገልጥ ስላልፈቀደልኝ ምን መጽሐፍ እንደሆነ ገና አላወቅኩም። ከየት አመጣኸው ስለው «ከነጋዴ፣ ድሮ» ብሎ ሣጥኑን ዘጋው።

የአገራችንን ዕቃ ከባሕር ማዶ መልሼ ባመጣልዎ ከዚህ የበለጠ ማስታወሻ አለ? ምን ይሉኛል? ልግዛው?

ወንጌላዊት


ጥቅምት 22

ወንጌላዊት፣

አትግዢው። የውሸት ነው። ነጋዴዎች እያሠሩ የሚያወጡት እንዲህ ያለ ብዙ አለ። የጧፉንም ቀዳዳ አሮጌ እንዲመስል ሆን ብለው ነው የሚያቃጥሉት። ኤርፖርት ላይ ቢይዙሽ ሥራሽም ስምሽም ይጠፋል፤ በሰው አገር እስር ቤት ማን ይጠይቅሻል? ሁለተኛ ወደዚያ ሱቅ እንዳትሄጂ። ቅርንፉዱን አምጪልኝ፣ ይበቃኛል።

ደግሞ ለማን ለማን ተናገርሽ? ለዚያች ለሂዊ ነግረሻታል?

አካለ ወልድ

(ወንጌሌ፣ እኔ ብዙዬ ነኝ። የኔታ ዛሬ የገበያ ቀን ሳይሆን በእግራቸው መጡ። ደብዳቤሽን በሰው ልኬላቸው ነበር። ውኃ ብሰጣቸው ሳይጠጡ ሄዱ። ምን ሆነዋል?)


ዛንዚባር፣ ጥቅምት 28 ቀን 2012 ዓ.ም.

የኔታ፣ ጤና ይስጥልኝ። ምርቃት የሌለው ደብዳቤ ከእርስዎ ሲደርሰኝ በዕድሜዬ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሦስት ጊዜ ገለበጥኩት፣ ጀርባው ላይ ይኖር ይሆን ብዬ።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ቅር ብሎኛል፤ ከቅሬታውም ይልቅ ግራ ገብቶኛል። ገበያ ላይ ቅመም የተጠቀለለበት የብራና ቁራጭ አይተው ግማሽ ቀን የሚቆሙ ሰው ምን መጽሐፍ ነው ብለው አልጠየቁኝም። ፎቶ ላኪልኝ አላሉኝም። ሳያዩት የውሸት ነው አሉኝ። ባስተማሩኝ መንገድ ፈትኜ የእውነት ነው ስልዎ ያስተማሩኝን መልሰው አፈረሱት። ለምን?

ይቅር ይበሉኝ፣ ተመልሼ ሄድኩ። ከጁማ ጋር ሻይ ጠጣሁ፣ ምጥ የያዛትን የልጅ ልጁን ሆስፒታል ያዋለድኳት እኔ መሆኔን ሲሰማ ፊቱ ተፈታ፣ መጽሐፉንም እንደ ልቤ እንድገልጥ ሰጠኝ። ድርሳነ ሚካኤል ነው። የጧፉ ቀዳዳ ያለው በሰኔው ንባብ ላይ ነው። በየወሩ ንባብ መጨረሻ ላይ መጽሐፉን ላሠራው ሰው በረከት ሲለመንለት ስሙ ይጠራል፤ ገብረ መድኅን። አሁን የት እንደሰማሁት ትዝ አለኝ። ወር በገባ በአሥራ ሁለት እኛ ደብር ድርሳኑ ሲነበብ ከልጅነቴ ጀምሮ የምሰማው ስም ነው።

ግን የእኛ መጽሐፍ ዕቃ ቤት ተቀምጧል። ነሐሴ ላይ እንኳ ሲነበብ ቆሜ ሰምቻለሁ። ታዲያ ይኸኛው ምንድን ነው? አዎ ወይም አይደለም ይበሉኝ፦ ይህ መጽሐፍ የእኛ ነው?

ወንጌላዊት


ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 25 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንጌላዊት። እግዚአብሔር ይጠብቅሽ።

የዘገየሁት ኔትወርክ ጠፍቶ ነው። ይህን የምልክልሽ በብዙዬ አይደለም፤ ደብረ ማርቆስ ድረስ መጥቼ ከማያውቀኝ ሰው ሱቅ ነው።

መዝጋቢዎቹ ኅዳር 16 መጡ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት የተጻፈ ዝርዝር ይዘዋል። ገና ሳይቀመጡ ድርሳነ ሚካኤልን አምጡ አሉ። በዝርዝሩ ላይ «በሰኔው ንባብ የጧፍ ቃጠሎ አለው» ይላል። የእኛው የለውም። ብራናው ነጣ፣ ቀለሙ ልጅ ነው፣ መጽሐፉ ተቀይሯል አሉ። ቁልፉ ከማን እጅ ነው ሲሉ ምስጋናው «ከእኔ» አለ። ወሰዱት። ሚስቱ ልጅ አዝላ ይጁቤ ጣቢያ ስንቅ ታመላልሳለች። አገሩም አፉን ከፍቷል። አምና ቤቱን ቆርቆሮ ማልበሱ አሁን ታየው፤ ከየት አምጥቶ ነው ይላል። ለዚያ ብሎ በግ ሲሸጥ ያዩትም ሰዎች አብረው ይላሉ።

እኔ ስለ ነገሩ የማውቀው የለም። ለሰውየው አዝኜ ነው። አሁን መጽሐፉ እዚያው ካለ እንደምንም ግዢው። በዚያ ባልሽው ጨርቅ ጠቅልለሽ ከሻንጣሽ ሥር አድርጊው፣ ለማንም አትንገሪ። ስትመጪ ለእኔ ስጪኝ። እኔ አውቃለሁ የት እንደማደርገው። ዕቃ ቤት ውስጥ ተሰውሮ ተገኘ ይባላል፣ ምስጋናው ይፈታል፣ ነገሩ እዚያው ይሞታል።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። መዝጋቢዎቹ ያንን መጽሐፍ ብቻ ለይተው የጠየቁት በምን አውቀው ነው? አንቺ ነሽ የነገርሻቸው? አውጪው፣ ከዚህ ወዲያ ምን ያስፈራሻል።

አካለ ወልድ


ዛንዚባር፣ ኅዳር 30 ቀን 2012 ዓ.ም.

የኔታ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

እኔ ለማንም አልተናገርኩም፤ ዝርዝራቸው ላይ የቃጠሎው ምልክት አለና ከእሱ ቢጀምሩ አይደንቅም። ብዙዬን ጠይቄያት ነበር፤ ኔትወርክ አንድ ቀንም አልጠፋም አለችኝ። ይህን ደብዳቤ በእሷ በኩል የምልከው ሌላ መንገድ ስለሌለኝ ነው። አጥፋ በስቴፕለር እንድትመታው ለምኛታለሁ። ካነበበችው ከአምላኳ ጋር ትወቀው።

እስከ ዛሬ ሳስብ የነበረውን አሁን ልንገርዎ። በ1998 ክረምት እትዬ ሥራነሽ የታመመች ጊዜ እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። እርስዎ ጎተራ ቤት ገብተው ሲጽፉ ከረሙ። ብራናውን አብሬዎት የወጠርኩት እኔ ነኝ፣ ጥላሸቱን ለቀለም የፈጨሁት እኔ ነኝ። «አንድ ገዳም መጽሐፍ አሠርቶኝ ነው፣ በሚከፍሉኝ አዲስ አበባ አሳክማታለሁ» አሉን። መስከረም ላይ መጽሐፉን በጋቢ ጠቅልለው በደጀን አድርገው ሄዱ። እኛም አዲሱ መጽሐፍ ሄደ አልን። የሄደው አሮጌው ነበር፤ አዲሱ ዕቃ ቤት ቀረ። ያኔ ቁልፉ ከእርስዎ እጅ ነበር።

ይህን በጥርጣሬ ብቻ አልጻፍኩትም። የጁማን መጽሐፍ ከመጀመሪያው፣ ከኅዳር ንባብ፣ እስከ ጥቅምት አነበብኩት። አሥራ ሁለቱም ንባብ የሚያልቀው በገብረ መድኅን ብቻ ነው። እኛ ደብር ግን የሚጠሩት ሁለት ናቸው፤ ገብረ መድኅንና ወለተ ኪዳን። ሁላችንም ሚስቱ ናት ስንል ኖርን። የዛንዚባሩ ገብረ መድኅን ሚስት የለውም። ወለተ ኪዳን የእትዬ ሥራነሽ የክርስትና ስም ነው። በፍትሐቷ ላይ ሲጠራ ሰምቼዋለሁ፣ ልቤ ውስጥ ግን ሁለቱን አገናኝቼ አላውቅም ነበር።

መጽሐፉ አሁን እኔ ጋ ነው። ለጁማ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ነው፣ መጨረሻው ላይ የሰረቀውንና የሸጠውን የሚያወግዝ ቃል አለበት ብዬ አነበብኩለት። ደነገጠ። «የአምላክ ቤት ዕቃ ሱቄ ውስጥ አላሳድርም» ብሎ የገዛበትን ብቻ ተቀብሎኝ ሰጠኝ። ከማንና በየትኛው ዓመት እንደገዛው ጽፎ ፈርሞልኛል። ምስጋናው ቁልፍ ከመያዙ ከስምንት ዓመት በፊት ነው። በጨርቅ ጠቅልዬ አልደብቀውም፤ በኤምባሲያችን ደብዳቤ አስመዝግቤ በግልጽ ነው የማመጣው።

ታኅሣሥ 28 እገባለሁ። ያ ወረቀት የእኔን አጎት ስም አይጠራም፣ ዓመቱን ግን ይናገራል፤ በዚያ ዓመት ቁልፉ ከማን እጅ እንደነበር አገሩ ሁሉ ያውቃል። እስከዚያ እርስዎ ራስዎ ይናገሩ። ካልተናገሩ ወረቀቱን እኔ ጣቢያ እወስደዋለሁ። ይህን ስጽፍ እያለቀስኩ ነው። ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። የሰው ልጅ ስንቅ እያመላለሰች ሳለ ግን ዝም ማለት አልችልም።

ወንጌላዊት


ወይራ አፋፍ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለወንጌላዊት

ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ። አፍሽ አይታጠፍ፣ እጅሽ አይዛል፣ ያዋለድሻቸው ሁሉ ይደጉልሽ። የጥቅምቱን ደብዳቤ ያለ ምርቃት ስለላክሁብሽ የሁለቱን አንድ ላይ መርቄሻለሁ።

ብዙዬ አንብባዋለች። ስቴፕለሩ ሁለት ቦታ ተመቷል። ወረቀቱን ስትሰጠኝ እጄን ያዘችና «አይዞዎ የኔታ» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ዛሬ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። እንደዚያ ያለች ሴት መሆኗን አላውቅም ነበር። ብዙዬ፣ ይህንንም አንብቢው፤ አሁን የሚደበቅ የለም።

በማግስቱ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። ምስጋናው ተፈታ። ለእኔ ለጥር ቀጠሮ ተሰጥቶኛል።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ አሮጌውን እንጂ አዲስ ቅጂ አልፈልግም አለኝ። ሥራነሽ ደግሞ በየቀኑ ታንሳለች። መቃብር ላይ የሚነበብ መጽሐፍ ምን ያደርግልኛል አልኩ። ቃል በቃል ገለበጥኩት፤ የሰረቀ ይወገዝ የሚለውን ሳይቀር በገዛ እጄ በራሴ ላይ ጻፍኩት። የጧፉን ቃጠሎ ግን ብራናው ላይ ልደግመው እሳት አንስቼ አልሆነልኝም፤ አዲስ መጽሐፍ ማቃጠል እጄ እምቢ አለ። ስሟን መጀመሪያ ላይ ልጽፍ አላሰብኩም። የኅዳሩን ስጽፍ ከጎተራው ወዲያ ስታቃስት እሰማለሁ፣ ያኔ ጆሮዬ ደህና ነበር፤ ገብረ መድኅን ብዬ ሳበቃ እጄ ቀጥሎ ወለተ ኪዳን ብሎ ጻፈ። ልፍቀው ካራ አነሣሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። የኅዳሩን የጻፈው እጄ ነው፤ የቀሩትን አሥራ አንዱን እኔ ነኝ።

መድኃኒቱ አላዳናትም። በአራተኛው ወር አረፈች። ከዚያ ወዲህ ግን በየወሩ ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ሕዝብ ፊት ስሟ ሲጠራ ኖረ። አንቺ እስር የፈራሁ መስሎሽ ይሆናል። እስሩንም ፈርቻለሁ፣ አልዋሽሽም። የበለጠ የፈራሁት ግን እውነተኛው መጽሐፍ ሲመለስ የእኔው ይወጣል፣ ስሟም ከዚያ ወዲያ አይጠራም ብዬ ነው። ለዚህ ብዬ ምስጋናውን ሦስት ሳምንት አስቀመጥኩት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ከትናንት ወዲያ፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆሜ ሁሉን ተናገርኩ። አንዳንዱ አለቀሰ፣ አንዳንዱ ጀርባውን ሰጠኝ፣ ምስጋናውን የቆርቆሮ ሌባ ሲሉ የከረሙት ደግሞ ከሁሉ በላይ ጮኹብኝ። መጽሐፉን ፖሊስ ለማስረጃ ሊወስደው ስለሆነ የወሩን ድርሳን አሁን አንብቡና እንስጥ አሉ። ምስጋናውን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። የሚያነብበው እሱ ነው።

ለእኔ ከዚያ አገር ምንም አታምጪልኝ። ያንን ጨርቅ ግን ለምስጋናው ሚስት አምጪላት፤ የእውነት የእነሱ ነው ብለሻልና። ስትመጪ ቤት ካጣሽኝ ጣቢያ ጠይቂ።

ምስጋናው አነበበ። ገብረ መድኅንን ሲጠራ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ አልሰማሁም፤ እንደምታውቂው ከሩቅ ጆሮዬ አይዝም። ከዚያ መጽሐፉን ይዞ ከቆመበት ወርዶ፣ በሰው መካከል አልፎ አጠገቤ ድረስ መጣና በጆሮዬ በኩል ድምፁን ከፍ አድርጎ «ወለተ ኪዳን» አለ።

ሰማሁት።

አጎትሽ አካለ ወልድ